ከጎሚስታው የተበደርነው አየር

ፕላዝማ የሚባለው ብረት መቁረጫ ሸጎሌ ወዳለው ወርክሾፓችን የገባ ቀን፣ ጋሽ በቀለ ካርቶኑን የከፈቱት በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው ነበር። ልርዳዎት ብላቸው «ዞር በይ!» አሉኝ። ቀኝ እጃቸው ያን ጊዜ ቢላዋ እንኳ አጥብቆ መያዝ ትቶ ነበር።

ጋሽ በቀለ የወርክሾፑ ባለቤት፣ የእኔም አሠሪና አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ የቆረጡት በግራይንደር፣ በሚሽከረከረው መቁረጫ ነው፤ ንዝረቱ የጣቶቻቸውን ስሜት ቀስ በቀስ ወሰደው። ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ እንዳይነኩ ነግሯቸዋል። እሳቸው ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሰው የሚያሠሩ ዓይነት አይደሉም።

«ሙሉ፣ ይሄ ማሽን ካልሆነልኝ ወርክሾፑን ለሌላ ሰው አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ስል ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። እኔ የት እገባለሁ የሚለው የመጣልኝ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የታየኝ እሳቸው ቤት ውለው ግድግዳ ሲቆጥሩ ነበር።

ማሽኑ ለማየት ቀላል ነው፤ አንድ የአምፔር ማዞሪያ፣ አንድ የአየር ግፊት መለኪያ፣ ከዚያ እሳቱ የሚወጣበት፣ በእጅ የሚያዝ ቶርች። ኤሌክትሪኩ ብረቱን ያቀልጠዋል፣ ከኮምፕረሰር የሚመጣው አየር የቀለጠውን ጠርጎ ከሥር ያወጣዋል። ችግሩ፣ ኮምፕረሰር የለንም። አጥር የሚጋራን ጎሚስታው ቶሎሳ ግን አለው። «ጎማ ነፍቼ የሚተርፈው የናንተ ነው» ብሎ ቱቦውን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፈልን። ጎረቤት እንደዚህ ነው ብለን አመሰገንን።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው በማለዳ ነው። ለሦስት ሚሊ ላሜራ ሠላሳ አምፔር፣ ለአየሩ አምስት ባር። ማሳውን፣ ማለትም የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ፣ ቀለሙን ፍቄ ባዶ ብረት ላይ አሰርኩ። ቀለም ላይ ካሰራችሁት እሳቱ ይቆራረጣል።

ጋሽ በቀለ እጃቸውን ስላላመኑት ቶርቹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከላሜራው ጠርዝ ጀምሬ ጎተትኩ። ፍንጣሪው ከሥር ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ወጣ፤ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን እንደዚያ ነው። ሽቅብ ወደ ፊታችሁ ከተረጨ ፈጥናችኋል፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከሥር የብረት ጠብታ ካንጠለጠለ ዘግይታችኋል። ላሜራው እንደ ቅቤ ተቆረጠ። ጋሽ በቀለ «እልል በይ እንጂ!» አሉኝ፤ አልኩላቸው።

ያኔ የተረከብነው ሥራ የወይዘሮ ዘነበች የግቢ በር ነበር። ቁስቋም ዳገቱ ላይ ቤት ሠርተው፣ በሩ ላይ የሐረግ ቅጠል ተቆርጦ እንዲወጣ ፈልገዋል። ግራይንደር እንደዚያ መጠማዘዝ አይችልም፤ በጋዝ ቢቆረጥ ደግሞ ስስ ላሜራ ይጣመማል። ጋሽ በቀለ በአዲሱ ማሽን ተማምነው ለቅዳሜ ቃል ገቡላቸው።

ረፋዱ ላይ ማሽኑ ጠባዩን ለወጠ። እሳቱ ይንተፋተፋል፣ መሀል ላይ ይጠፋል፣ የቆረጠውም ጥርስ ጥርስ ያወጣል። ለሻጩ ስንደውል «አምፔር ጨምሩ» አለን። ጨመርን። የቶርቹ ጫፍ ላይ ያለችው ኖዝል፣ ቀዳዳዋ ፍጹም ክብ መሆን ያለበት፣ ተበልታ ሞላላ ሆነች። ቀየርናት፤ ሁለተኛዋም እንደዚያው። በማግሥቱ ጠዋት ጥሩ ቆርጦ፣ ረፋድ ላይ መልሶ ያው።

ወይዘሮ ዘነበች የመጡት በዚህ መሀል ነው። የተቆረጠውን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት።

«ጋሽ በቀለ፣ ይሄን አይጥ ነው የበላው?»

«ሙከራ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አይጧን ቶሎ አስተምሯት፤ ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ» ብለው ወጡ።

ጋሽ በቀለ አልሳቁም። ቶርቹን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡና «ግራይንደሩን አምጪልኝ» አሉ።

«አላመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አላመጣም! ሐኪሙ ምን እንዳለ ረሱት እንዴ?» ጮኽኩባቸው። እስከዚያ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። እሳቸውም ወደ በሩ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

በንዴት ቶርቹን አንስቼ ስቆርጥ፣ ከአጥሩ ማዶ የቶሎሳ ኮምፕረሰር ሲያንኳኳ ሰማሁ። እሳቱ ወዲያው ሟሸሸ። ቆም አልኩ። ኮምፕረሰሩ ዝም ሲል ተሻለ፤ ታክሲ መጥቶ ጎማ ሲያስነፋ እንደገና ሟሸሸ። ለካ ማለዳ የሚያምርልን ታክሲዎቹ ጎማ ሊያስነፉ ስላልመጡ ነው! የሚኒባስ ጎማ በተነፋ ቁጥር ግፊቱ ከእኛ ላይ ይወርዳል።

ግን ታክሲ በሌለበትም ኖዝሏ መበላቷን አልተወችም። ማሽኑን አየር ብቻ እንዲነፋ አድርጌ ከቶርቹ ፊት ሶፍት ያዝኩ። ነጩ ሶፍት ረጠበ፤ ላዩ ላይ ቢጫ የዘይት ነጥብ አለበት። ኖዝሏን የሚበላት ይሄ እርጥበት ነው ብዬ፣ ሶፍቱን ይዤ ወደ ቶሎሳ ሮጥኩ።

«ይሄ ኮምፕረሰር ውሃው የወጣለት መቼ ነው?»

«የምን ውሃ?»

ከኮምፕረሰሩ የአየር በርሜል ሆድ ሥር ያለችውን ቡሽ ፈታልኝ። ከታመቀው አየር የተጠራቀመ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ እየተንፏፏ ባልዲ ሞላ። ቶሎሳ ራሱ አፉን ያዘ። «ለጎማ ውሃ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው፣ ሙልዬ! ጎማ አይስል፣ አያስነጥስ» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ቶሎሳ ሁልጊዜ ጠዋት ውሃውን ያስወጣል። እኛም ቱቦው መሀል ውሃና ዘይት የሚያስቀር ማጣሪያ ገጠምን። ስንቆርጥ አጥሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እንሰቅላለን፤ እስክናነሳው ጎማ አይነፋም። ወያላዎቹ «እዚህም ትራፊክ መብራት ገባ እንዴ?» እያሉ ያበሽቁናል፤ ግን ይጠብቃሉ።

እሳቱ ተስተካከለ፣ የእኔ ቅጠል ግን አልተስተካከለም። ቀጥታ መስመር ላይ ምንም አልልም፤ መታጠፊያው ላይ ቶርቹ ይነክሳል። የእኔ እጅ ግራይንደር የለመደ ነው፤ ግራይንደር ደግሞ ካልተጫኑት አይቆርጥም። ፕላዝማ ግፊት አይፈልግም። እጫነዋለሁ፣ ኖዝሏ ላሜራው ላይ ትይዛለች፣ ከዚያ ዝላይ። አርብ ከሰዓት ሆኖ አንድም የሚረባ ቅጠል አልነበረኝም።

ጋሽ በቀለ ከኋላዬ መጥተው «እስቲ» አሉ። ማስኩን አጠለቁ። ቶርቹን የያዘ ቀኝ እጃቸውን በግራ አንጓቸው ላይ አሳረፉና ማስነሻውን ነኩ። ቢፈልጉም የሚጫን እጅ የላቸውም። ቶርቹ በጠመኔ በሣልኩት መስመር ላይ ተንሸራቶ መታጠፊያውን ዞረ፤ አልነከሰም፣ አልዘለለም። እሳቱን እየጎተቱ እስከ መነሻው መለሱት።

መጨረሳቸውን በጣቶቻቸው አላወቁም። ያወቁት ቅጠሉ ተቆርጦ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ፣ ድምፁን ሰምተው ነው።

ማስኩን ሳያወልቁ «የታለ ሌላው ላሜራ?» አሉኝ።

በሩ ቅዳሜ ተተከለ። አሁን ወርክሾፑ ውስጥ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እበይዳለሁ። ፕላዝማ ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው፤ አምፔር ከመጨመራችሁ በፊት አየሩን አድርቁ፣ ቶርቹንም አትጫኑት።