ምድር ቤት ያለው የጋራ ክፍል

የደች ቋንቋ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ሳጸዳ፣ ተሳፋሪዎች ወንበር ላይ ትተዋቸው የሚሄዱትን ጋዜጦች እየሰበሰብኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ዛሬ እኛ ሰፈር፣ ሙርዋይክ ውስጥ፣ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ደብዳቤ የከበደው ሐበሻ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ አላፍርበትም።

እንዲህ ያለሁት ሰው በገዛ ሕንፃዬ አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ።

ሕንፃችን ስምንት ቤት አለው፤ ሊፍት የለውም። ስምንታችንም በየወሩ ለቬቬኤ፣ ማለትም ለቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ መዋጮ እንከፍላለን። ጣሪያው፣ የደረጃው መብራትና ምድር ቤት ያለው የጋራ ክፍል የሚያዙት በዚያ ገንዘብ ነው። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ለቀስተኛው የተቀመጠው እዚያ ክፍል ነበር። የእኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ያን ደረጃ የሚወጡበት ጉልበት የላቸውም።

አምና በስብሰባ ላይ ማኅበሩ የቀጠራት አስተዳዳሪ፣ ክፍሉን ለዕቃ ማከማቻ ብናከራየው መዋጮው አይጨምርም አለች።

"የሚቃወም አለ?"

በእኛ እድር ትልቅ ሰው ለመናገር አይሻማም፤ "እስቲ አባታችን ይናገሩ" እስኪባል ይጠብቃል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጠበቅሁ። የጋበዘኝ የለም። "ሁሉም ተስማምቷል" ብላ ጻፈች፤ የመጨረሻው ድምፅ ለዘንድሮ ተቀጠረ።

አንደኛ ፎቅ የሚኖረው ኤርትራዊ ጎረቤቴ፣ እንደኔ ጡረተኛ ነው፣ ደረጃው ላይ ያዘኝ።

"አንተ የሙርዋይክ ጠበቃ፣ ምላስህን ስኪፖል ረሳኸው እንዴ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

"እኔማ አንተ እስክትናገር እየጠበቅሁ ነበር።"

በዚያው ሳምንት የሕንፃውን ውል አስመጣሁ። ልጄ፣ "አባዬ፣ ተው፣ ጠበቃ እንያዝ" አለችኝ። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የጋራ ክፍልን አገልግሎት ለመለወጥ ከስምንቱ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል ይላል። እንግዲህ ሦስት እንቢ የሚል ከተገኘ በቂ ነው። እኔ አለሁ፤ ጎረቤቴ አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሱሪናማዊት አሮጊት ከቤት መውጣት ስላቃታቸው ውክልናቸውን ፈርመው ሰጡኝ።

ዘንድሮ አስተዳዳሪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ተነሣሁ። አንቀጹን ጮክ ብዬ፣ ቃል ሳልስት አነበብኩት።

"ሜነር፣ ያ ክፍል በዓመት ስንት ቀን ያገለግላል?" አለችኝ፤ ሜነር በደች ጌታዬ ማለት ነው።

"ሰው በሞተ ጊዜ።"

"ለዚህ ሲባል ሁሉም በየወሩ ጨምሮ ይክፈል ነው የሚሉት?"

"ደረጃው ላይ የተሰቀለው እሳት ማጥፊያስ በዓመት ስንት ቀን አገልግሏል?"

ድምፅ ተሰጠ፤ አምስት ለሦስት፤ ስድስት አልሞላላቸውም። ክፍሉ የጋራ እንደሆነ ቀረ፣ መዋጮውም ጨመረ። አንዳንዶቹ ጎረቤቶቼ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያጠቁሩብኛል። ያጥቁሩ። ጭማሪውን ከሁሉም ቀድሜ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከትራንስቫል ሰፈር ገበያ ያገለገሉ ወንበሮች ገዝቼ ክፍሉ ውስጥ ስደረድር ኤርትራዊው ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆመ።

"ለማን ለቅሶ ነው?"

"ለአንተ ወይ ለእኔ።"

"አንተ ከቀደምክ ለዚህ ክፍል ማን ይሟገታል?"

"አንተ ነሃ። እስክትጋበዝ ግን እንዳትጠብቅ።"