የእትዬ የሺ ጓጉንቸር

ያን ቀን አያት ኮንዶሚኒየም፣ ደረጃችን ላይ አራት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄ ናትናኤል፣ የጎረቤቴ ልጅ ሔለን፣ ኢንተርኔት የሚያስተካክለው ቴክኒሻን። ቴክኒሻኑ ግድግዳው ላይ ያለውን የብረት ሣጥን ሲከፍት የአቧራና የዝገት ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጅ ሆኜ የካ ሚካኤል ስንኖር፣ የቦኖ ውሃ ጠባቂዋ የእትዬ የሺ ጓጉንቸር እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ሣጥኑ ውስጥ መስመሩን ለየቤቱ የሚያከፋፍል ስዊች የሚሉት ዕቃ አለ። እኛና እነሔለን የምንጠቀመው በአንድ ገመድ ነው። ናትናኤል ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ሲያፈጥ ዓይኑ ሊጠፋ ነው ብዬ ስለሰጋሁ፣ መስመራችን በሰዓት እንዲዘጋና እንዲከፈት ቴክኒሻኑን ለመንኩት። የሔለን እናትም ተስማማች። «ከ4 እስከ 12 ይዘጋ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ማለቴ ነበር። እሱም ተቻኩሎ ቁጥሩን እንዳለ ማሽኑ ላይ ገለበጠው።

ሔለን ሳቀች። «እትዬ አስቴር፣ ኢንተርኔቱንም እንደ ዶሮ በጊዜ ሊያስገቡት ነው?»

«አንቺም አብረሽው ብትገቢ ደግ ነበር» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳች። «እትዬ፣ መስመሩ እንደተዘጋ ነው። የፈተና ምዝገባው ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፣ የስልኬም ዳታ አልቋል። እባክዎ ይደውሉለት!»

የቴክኒሻኑ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። ግን አሥራ ሁለት ላይ መከፈት እንደነበረበት ባውቅም፣ ከመጣ ነካክቶ የሰዓት ገደቡን ያነሳብኛል ብዬ ፈራሁ። «ታገሺ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል» ብዬ መለስኳት።

ልክ በስድስት ሰዓት ተከፈተ። ምዝገባው ግን ተዘግቷል። ሔለን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነው ለቴክኒሻኑ የደወልኩት። «እትዬ፣ ማሽኑ እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው! ለእሱ 12 ማለት ቀን ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ።

«ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል» የእትዬ የሺ ቃል ነው። ቦኖውን ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ትከፍታለች፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ትቆልፋለች። ሱረት የጠቆረበት አፍንጫዋን በአውራ ጣቷ ትጠርግና በዚያው ጣት የጀሪካናችንን አፍ ትይዛለች። ያን ውሃ ነበር የምንጠጣው። ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይመረኛል።

አንድ ቀን እኩያዬ ዘነበች ዘግይታ መጣች። ጀሪካኗ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ሦስት ሰዓት ሆነ። እትዬ የሺ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሰዓት አየችና ቧንቧውን ጠረቀመችው።

«እናቴ ምጥ ላይ ናት» አለቻት ዘነበች።

«ታዲያ ሰዓት ጠብቃ አታምጥም?»

ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ዘነበች ዞራ እኔን አየችኝ። የእኔ ጀሪካን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። እናቴ ትቆጣኛለች ብዬ ከኋላዬ ደበቅኩት። ዘነበች ወደ እንጦጦ ጅረት ሽቅብ ሮጠች። ከዚያ በኋላ አፍሬ በበራቸው ማለፍ ተውኩ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤት ቀየርን።

እትዬ የሺ ከሞተች ቆይታለች። ለኔ የተወችልኝ ያን ቃሏን ነው። ከገዛ አፌ ሲወጣ ከመስማት የበለጠ የሚያስጠላ ነገር አላውቅም።

የካ ሚካኤል፣ ከቦኖው በላይ ይኖሩ የነበሩትን የዘነበችን ቤተሰቦች የምታውቁ ካላችሁ፣ እናቷ በሰላም ተገላግለው እንደሆነ ንገሩኝ።