የዋተርሎ ሙታን በቡታጅራ

ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ ሻይ ቤት፣ አንድ አዛውንት አረንጓዴ ጨርቅ ባለበሱት ጠረጴዛ ላይ ፈረንሳይ የተሸነፈችበትን የድሮውን የዋተርሎ ጦርነት እንደገና ይዋጋሉ። ወታደሮቹን ራሳቸው ከባሕር ዛፍ ጠርበው የደንብ ልብሳቸውን በጥፍር ቀለም ቀብተዋል። አዛውንቱ የለበሱት የድሮ የወታደር ካፖርት እስከ አንገት ተቆልፏል፤ የእያንዳንዱን ግጥሚያ ውጤት ዳይስ ጥለው ይወስናሉ።

«ፈረንሳይን ለእኔ ተዋት፤ በእኔ እጅ አትሸነፍም» አሉኝ፣ ልጫወት ከፊታቸው ስቀመጥ። ሁለተኛ ሻይ ሳላዝ አሸነፉኝ።

ከዚያ የወደቁትን ወታደሮች፣ የእሳቸውንም የእኔንም፣ አንድ በአንድ አንስተው በእንሰት ቅጠል ላይ በቀኝ ጎናቸው አስተኟቸው፤ እንደ ሙስሊም ቀብር ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አዞሩ።

«አባባ፣ ፈረንጆች እኮ ናቸው!» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም።

«ሬሳ ለማንሳት ጊዜ የሚያገኘው ያሸነፈ ነው፣ ልጄ። እኛ ያኔ፣ በዘመትንበት ጊዜ፣ ጓዶቻችንን ጥለን እየሸሸን ነበር።»