የአባቴ ጺምና ብሩሹ

አባቴ ኃይለኪሮስ ለሰው የማያውሰው ነገር የለም። መኪናውን ለጎረቤት ሰጥቶ እሱ በታክሲ ሲሄድ አይተነዋል። የጺም ብሩሹን ግን ለገዛ ወንድሙም አይሰጥም።

ብሩሹን ያመጣው አውሮፕላን ጥገና ላይ ሲሠራ፣ ለሥልጠና ውጭ አገር በተላከ ጊዜ ነው። ባልደረቦቹ ለሚስት ሽቶ፣ ለልጆች ጫማ ተሸክመው ሲመጡ፣ የእኔ አባት ከባጀር ጸጉር የተሠራ የጺም ብሩሽ ይዞ ከች አለ። ባጀር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የፈረንጅ አገር አውሬ ነው። እናቴ ማዕዛ ይህን ስትሰማ ብሩሹን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣችውና የንስሐ አባታችን እስኪመጡ ድረስ በረንዳ ላይ አሳደረችው። እሳቸውም መጥተው ነገሩን ሰሙ፤ አውሬውን እስካልበላው ድረስ ፊቱን ቢያሽበት ምንም አይደለም ብለው ፈቀዱ። ቤታችን በካህን የተፈቀደ ብሩሽ አለ ስላቸው ጓደኞቼ አያምኑኝም።

አዲስ ሳለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚወደድ ነገር አልነበረም አሉ። ሲረጥብ ዝናብ የመታው ፍየል ይሸታል። ጸጉሩም ይረግፍ ስለነበር አባቴ ተላጭቶ ሲወጣ አገጩ ላይ የራሱ ያልሆነ ጸጉር ተለጥፎ ይገኛል። እናቴ፣ ከምትቀንሰው የምትጨምረው በዛ እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን ታገሠ። ብሩሽም እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ እስኪላመድ ይቆረቁራል ይል ነበር።

ተላመደም። ከጊዜ በኋላ ሽታው ጠፋ፣ መርገፉ ቆመ፣ የጸጉሩ ጫፍ ለሰለሰ። ልጅ ሳለሁ አባቴ አረፋውን ከመታ በኋላ አንድ ጊዜ ጉንጬ ላይ ያዞርልኝ ነበር። ሥሩ ጠንከር ብሎ ይገፋል፤ ጫፉ ግን ከመለስለሱ የተነሣ መንካቱ የሚታወቀው በሙቀቱ ብቻ ነው። ለብ ያለውን ውሃ በውስጡ ይዞ ስለሚቆይ ፊት ላይ ሲያርፍ ደስ ይላል። እኔ አባቴን የወደድኩት በዚያ ዕድሜዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።

አያያዙ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። የምንኖረው ሳሊተ ምሕረት ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣም ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ዓይነት ነው። ብሩሹም ከዚያ አያመልጥም። አባቴ አልፎ አልፎ አቼቶ ጠብ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ይነክረዋል፣ ያለቀልቀዋል፣ ያራግፈዋል፤ ከዚያ ጸጉሩን ወደ ታች አድርጎ የመስኮቱ ብረት ላይ ይሰቅለዋል። ሽቅብ ከቆመ ውሃው ሥሩ ውስጥ ገብቶ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል ባይ ነው። ውሃ በጠፋ ሰሞን እኛ እግራችንን ሳንታጠብ እያደርን ለብሩሹ አንድ ኩባያ ይቀመጥለት ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

እንዲያም ሆኖ ብሩሹ አረጀ። ነጭ የነበረው እጀታ ቢጫ ሆነ፣ የጸጉሩ መሐል ሳሳ፣ ዳር ዳሩ ወደ ጎን ተንሰራፋ። ወንድሜ አብኔዘር አዝኖ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መላጫ ገዛለት። አባቴ መርቆ ተቀበለና ለእናቴ ሰጣት፤ እሷ የሹራቦቿን ብናኝ ታነሣበታለች። ብሩሹ ፊቴን ያወቀው ገና አሁን ነው፣ እንዴት ብዬ እጥለዋለሁ አለ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሳይላጭ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር። የሰፈሩ ሰው ሙሽራው ይለዋል።

አምና ስትሮክ መታው።

እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ። አንደበቱ ተመለሰ፣ በከዘራም ቢሆን ይራመዳል። ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ከሆስፒታል በወጣ ማግስት መታጠቢያ ቤት ገብቶ በግራ እጁ አረፋ ሲመታ ሰማነው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሲወጣ ጺሙ እንዳለ ነው፤ ብሩሹን ግን አጥቦ ሰቅሎታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተላጨም። እኔ ላላጭህ ብለው እምቢ አለ። አብኔዘር ከሃያ ሁለት ሰፈር ጸጉር አስተካካይ ይዞለት ቢመጣ በክብር ሻይ ጋብዞ መለሰው።

ከቤት መውጣትም ተወ። እድር ቀረ፣ ቅዳሴ ቀረ፣ የታዘዘለት የእግር ጉዞም ቀረ። ሐኪሙ ደግሞ ቁጭ ካለ እግሩ መልሶ ይያዛል ብሎናል። ስለዚህ የእኛ ጭንቀት የጺም ጉዳይ አልነበረም፤ ደጅ ካልወጣ አልጋ ላይ ሊቀርብን ነው። እናቴ ትለምነዋለች። እኔ ልመና ስለማይሆንልኝ እጮህበታለሁ። ሁለታችንንም አልሰማንም።

ሙልጭ ብሎ ይላጭ የነበረ ሽማግሌ በድንገት ጺሙን ሲያሳድግ ሰፈር የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሴቶች እድራችን ዳኛ እትዬ ጫልቱ በመንገድ ሲያልፉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አዩት። አገር ቤት ወንድሞች እንዳሉት ያውቃሉ። ጨዋ ሰው ስለሆነ እድሩን ላለማስቸገር ሐዘኑን ደብቆ ነው ብለው ደመደሙ። ከዚያ ወዲያ እትዬ ጫልቱን የሚመልስ የለም። አንድ ቅዳሜ በጠዋቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በድስት አስይዘው፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር በራችንን አንኳኩ።

የከፈተችው እናቴ ናት። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ገና በማለዳ በሯ ላይ ቆመው ስታይ መርዶ ሊያረዷት የመጡ መሰላትና “ወንድሜን!” ብላ ጮኸች። እነሱም ጩኸቷን ሲሰሙ ያሰቡት እውነት መሆኑን አረጋገጡና ለቅሶውን አቀለጡት። እኔ ከመኝታዬ ሮጬ መጥቼ ምንም ሳልጠይቅ አለቀስኩ። እኛ ቤት መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። እናቴ ትንፋሽ ስታገኝ ማን እንደሞተባት እንዲነግሯት ለመነች። እትዬ ጫልቱ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ “እኛ ምኑን እናውቃለን፣ ለቅሶው የእናንተ!” አሉ።

እትዬ ጫልቱ ቀስ ብለው ወደ አባቴ ዞሩ።

“ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ጺምዎን አይቼ እኮ ነው” አሉት።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ሁሉም። ንፍሮው ቀርቦ ሁላችንም እየሳቅን በላን። አባቴ ግን አልሳቀም። “አልተሳሳታችሁም” አለና ከዘራውን ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

እናቴ ተከተለችው፤ እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። መስታወቱ ፊት ካለው ዱካ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችውም። ብሩሹን ከመስኮቱ አወረደችና እንዴት እንደሚያዝ እንዲያሳያት ነገረችው። ለምን እሺ እንዳላት አላውቅም፤ ምናልባት በሳቃችን አፍሮ ይሆናል። ውሃ አጠጪው፣ ጨመቅ አድርጊው፣ ሳሙናው ላይ አዙሪው፣ ፊቴ ላይ አትጫኚው አላት። ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና አደረገ።

እናቴ በቀኝ በኩል ጀመረች። እጇ ስላልለመደ ቀስ እያለች፣ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ድረስ አረፋውን አለበሰችው። ጉንጩ በሙሉ ነጭ ሆነ። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ “ማዕዛ፣ አትጀምሪም እንዴ?” አለ።

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። አባቴ ዓይኑን ገልጦ መስታወቱን ሲያይ ገባው።

“በዚህ በኩል አይሰማኝም” አለ። “ያን ቀን ብሩሹን ሳዞረው ግማሹ ፊቴ የለም። ሬሳ የማጥብ መሰለኝ።”

ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይዞት ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ስጮህበት ከርሜያለሁ። እንባዬ መጣ። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ብሩሹን እንደገና ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ሳሙናውን ጨመረች፣ ከዱካው በሌላው ወገን ዞራ ቆመች።

“እንግዲያው በሚሰማህ በኩል እንቆይ” አለችው።

ግራ ጉንጩ ላይ አዞረችው። ትከሻው ወረደ። ደጋግማ አዞረችው፣ አረፋው ሸሚዙ ላይ እስኪንጠባጠብ፣ ኩባያው ውስጥ ያለው ውሃ እስኪቀዘቅዝ። ማንም ምላጭ አላነሣም። እኔ ሌላ ውሃ ላሞቅ ወጣሁ።

ያን ዕለት እትዬ ጫልቱንና ሴቶቹን በከዘራው እየተደገፈ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛቸው። አሁን በየጠዋቱ ብሩሹን የምትይዝለት እናቴ ናት። የሚጀምሩት በግራ በኩል ነው።