ያላውለበለብኩት ቆብ

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን ናቲን ትምህርት ቤት ላደርስ ስወጣ፣ ሳምንታት የለፋበትን የካርቶን የጃፓን ጦር መርከብ መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀምጬ ቁልፍ ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉን አገኘሁ፤ መርከቡን ረሳሁ። ከምንኖርባት የቴክሳስ ከተማ ከጋርላንድ ወጥተን ሃይዌይ ስንገባ የጃፓን ባሕር ኃይል በአናታችን ላይ በረረ።

«አባባ! ሩፉ ላይ ነው ያረከው? ሲሪየስሊ?»

«ለአንዴ ብዬ ነበር» አልኩት። ሃይዌይ ላይ ቆሞ መልቀም የለም። አንድ የጭነት መኪና ሲሄድበት በመስታወት አየን።

የናቲ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት የጃፓን ባሕር ኃይል መርከቦቹን ስላሠራባት ስለ ኩሬ ከተማ ነበር። ስሟን አትዩ፣ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ናቲ የማያውቀው፣ እኔ ስለ ኩሬ የሰማሁት በእሱ ዕድሜ መሆኑን ነው።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ምጽዋ ነበር። አባቴ የወደቡ በያጅ ስለነበር ማታ ሲመጣ የተቃጠለ ብረትና የሬንጅ ሽታ ቀድሞት ይገባል። አንድ ጊዜ የጃፓን ጭነት መርከብ ሞተሩ ተበላሽቶ ሰነበተና አባቴ ከሽማግሌው መካኒክ ከሚስተር ኦካ ጋር ተወዳጀ። የሁለቱ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ በእጅ እየሳሉ ይግባባሉ። እኔም ምሳ ላመላልስ ብዬ አጠገባቸው እጎለታለሁ።

ከሥዕሉና ከቁርጥራጭ ቃላቱ እንደተረዳሁት፣ ኦካ የኩሬ ልጅ ነው። በወጣትነቱ መርከብ መሥሪያው ሲገባ አንድ ግዙፍ የጦር መርከብ እየተሠራ ነበር። ከላይ ጣሪያ፣ ከጎን አጥር ጋርደውት የከተማው ሰው ወደዚያ ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ኦካም የራሱን ቁራጭ ብረት እንጂ ሙሉውን አላየም። በኋላ ታናሽ ወንድሙ በዚያው መርከብ ተመደበ።

በአገራቸው መርከብ ሲወጣ የሚቀረው ሰው ቆቡን አውልቆ ከራሱ በላይ ቀስ እያደረገ ያውለበልባል። ወንድሙ የሄደ ዕለት ግን ጉዞው ምስጢር ነው ተብሎ ተከለከለ። ኦካ ቆቡን ጨብጦ ቆመ። መርከቡ ሰጠመ፣ ወንድሙም አልተመለሰም። መርከብ መሥሪያውንም አውሮፕላኖች አፈራረሱት። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እዚያው የጭነት መርከብ መሥራት ጀመሩ። «ይቺም የኩሬ ልጅ ናት» እያለ የመርከቧን ሆድ መታ መታ ያደርጋል።

ሞተሩ ተጠገነ። የኦካ የመጨረሻ ጉዞው ነበር፤ ከዚያ ጡረታ ነው። ቆቡን ሰጠኝና፣ «ነገ ከሰዓት ስንወጣ አንተ አውለብልብልኝ» አለኝ።

ቆቡን ትምህርት ቤት ይዤ ሄድኩ። መያዝ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ክፍል ውስጥ ደፋሁት፤ እስከ አፍንጫዬ ዋጠኝ።

«ክቡር አድሚራል፣ መርከብዎ የት ቆመ?» አሉ መምህሩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቆቡ የመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ እኔ ሰሌዳው ሥር፣ እጅ ወደ ላይ፣ ተንበረከክሁ። ግድ አልሰጠኝም፤ እስከ ከሰዓት ብዙ ጊዜ አለ። ድንገት የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። ሰዓቱን አስቀድመውታል።

«ጋሼ፣ ሰው ልሸኝ ነው!»

«አድሚራል ያለ ትእዛዝ አይነሣም!»

እንደገና ሳቅ። በመስኮቱ የመርከቧ ምሰሶ ጫፍ ብቻ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ቀስ እያለ ሲሄድ ይታየኛል። ሁለት እጆቼ ከራሴ በላይ ተዘርግተዋል፤ ባዷቸውን።

ማታ አባቴን ጠየቅሁት። ኦካ በመርከቡ የኋላ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እስኪርቅ ድረስ ዓይኑን ከወደቡ አልነቀለም አለኝ። «የሄደ መርከብ በለቅሶ አይመለስም» ብሎ አባቴ ራሴን ደባበሰኝ።

ዛሬ ማታ ናቲ ኩሬን በስልኩ ላይ ከሰማይ በተነሣ ካርታ አሳየኝ። አጥር የለ፣ ምስጢር የለ፣ ክሬኑ ሳይቀር ይቆጠራል። ያኔ ሁሉ ተጋርዶ እንኳ ማንን እንደምንሸኝ እናውቅ ነበር። አሁን ሁሉን እያየሁ፣ ኦካ የት እንደተቀበረ እንኳ አላውቅም። አንድ የቆብ ማውለብለብ ዕዳ አለብኝ።