ቀይ አፈር ይዤ በርበሬ በረንዳ የገባሁ ዕለት

ትናንት ረፋዱ ላይ... መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ መሃል ከረጢት አቅፌ፣ ሰው ከብቦኝ፣ «እኔ አይደለሁም!» እያልኩ አስነጥስ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የተመረቅሁት በእፅዋት ሳይንስ ነው። ሥራ እስኪገኝ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ፣ ተክለ ሃይማኖት በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ሰላጣና በሶብላ አበቅላለሁ። መስኮቴ ስር ለሁለት የተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አፈሩ ግን ያው አንድ አፈር ነው... ሦስት ጊዜ ዘርቼ ሦስት ጊዜ ለቅሜበታለሁ። በአራተኛው ሰላጣው ቢጫ ሆኖ ወጣ።

አከራዬ እትዬ አስካለ ከስምንት ቀን በፊት ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩትና፣ «ይሄማ ቢጫ ወባ ይዞታል» አሉኝ። «አንድ ወር ሰጥቼሻለሁ። ወይ ያምርበት፣ ወይ አፈርሽን ታወጪልኛለሽ። እኔ ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው።»

አፈር መጣል እኔ ጋ የለም። እዚህ መርካቶ አካባቢ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው ያለው፣ አንዴ ከጣልኩት ሌላ ከየት አመጣለሁ? የደከመ አፈር ይመገባል እንጂ አይጣልም። ስለዚህ ትናንት ጠዋት ጉለሌ ጓደኛዬ ግቢ ሄጄ፣ የደከመውን የሚያነቃልኝ ትል ያለበት ቀይ አፈር በከረጢት ይዤ ተመለስኩ። የቀረኝ አብሮት የሚበሰብስ ነገር ነበር። እሱ የት እንዳለ አውቃለሁ... በርበሬ በረንዳ ሴቶቹ በርበሬ ሲቀነጥሱ ጭራው ተከምሮ ይጣላል።

አንድ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ባለሱቁ ጋሽ ሱልጣን አፍንጫቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሽበታም ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የሚጥሉትን የበርበሬ ጭራ ልውሰደው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ከዚህ አፈር ጋር ላደባልቀው ነው» አልኩና ከረጢቱን በኩራት ከፈትኩላቸው።

አዩት። ቀይ፣ ደቃቅ፣ ከላይ ደረቅ ያለ አፈር። ፊታቸው ከአፈሩ ይበልጥ ቀላ።

«እናንተ ናችሁ ለካ! በርበሬ ላይ ቀይ አፈር እየጨመራችሁ ስማችንን የምታጠፉት! ደንበኛ ወጡ ውስጥ አሸዋ ባኘከ ቁጥር የሚረግመው እኔን ነው!»

ወዛደሮች ሸክማቸውን አውርደው ከበቡኝ። «ፖሊስ ጥሩ!» አለ አንዱ። ሌላው፣ «መጀመሪያ ቱቦ ውስጥ ድፉባት!»

ከረጢቱን አቀፍኩት። «የእፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነኝ!»

«ይባስ ብላ ተምራለች!»

ስልኬን አውጥቼ የሰላጣዬን ፎቶ አሳየኋቸው። ወዛደሩ ጠጋ ብሎ አየና፣ «ይሄማ ቢጫ ነው» አለ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት... አስነጠሰኝ። ደገመኝ። ሰለሰኝ።

ክምሩ አጠገብ ቁጭ ብለው የሚቀነጥሱት እትዬ ብርቄ እጃቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ! እንዲህ የምታስነጥስ ልጅ በርበሬ ልትነግድ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ሱልጣን ግን አልሳቁም። እጃቸው ከረጢቴ ላይ ነው።

ያ አፈር ቱቦ ከገባ የኔም ነገር አበቃ። ስለዚህ፣ «ይድፉት» አልኳቸው። «ግን ቱቦ ውስጥ አይደለም፣ ሸራው ላይ። በእጅዎ ይፈልጉት። በሕይወት ያለ ትል ካላገኙበት ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ደፉት። አንድ እፍኝ አነሱ... የለም። ሁለተኛ... የለም። ጠዋት በዓይኔ ያየኋቸው ትሎች በዚያ ፀሐይ አልቀው ይሆን? ሦስተኛውን እፍኝ ሲበትኑት፣ አንዲት ቀጭን ትል ጣታቸው ላይ ተጠመጠመች። ተነቃነቀች።

ጋሽ ሱልጣን ሻሹን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት።

«እናቴ እንሰት ስር ስትቆፍር እንዲህ ያለችውን ካገኘች ‹ተዋት፣ የአፈሩ ባለቤት እሷ ናት› ትለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ከበርበሬ ጋር ወፍጮ የሚገባ አፈር ደርቆ የተነፋ ነው፣ ትል አይቀልብም። በሉ ሥራችሁ ላይ!»

ቱቦ ውስጥ ድፉባት ያለው ወዛደር ራሱ ተንበርክኮ አፈሬን ከነትሏ በእፍኙ መለሰልኝ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ጭራውን በሌላ ከረጢት ጠቅጥቀው ሞሉልኝና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦ «መጀመሪያ ለብቻው አበስብሺው። ጥሬውን ከጨመርሽባት ትሏን ታቃጥያታለሽ።»

ልክ ናቸው። እኔማ በችኮላዬ የዚያኑ ዕለት ልጨምረው ነበር።

ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ በሩ ላይ ናቸው። «ደግሞ ሌላ አፈር?!»

«አፈር ብቻ አይደለም እትዬ፣ ምስክሬም ውስጡ አለች።»

ዲግሪዬ ያላዳነኝን አንዲት ትል አዳነችኝ። እትዬ አስካለ ከሰጡኝ ወር ሃያ ሁለት ቀን ይቀረናል... ለእኔና ለእሷ።