ኩትበርት ሬንና ፉርጎ የለመደችው ባዝራ

ኩትበርት ሬን ፈረስ ነጂ ነበር፤ ዳሩ ግን በዕድሜው አንድም ቀን ፈረስ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የምትቀመጠው ፈረሷ ነበረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ጁኖ የምትባለው ዳማ ባዝራ ከኮልስተር ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ ከሰል የጫኑ አራት ፉርጎዎችን በሐዲዱ ላይ እየጎተተች ሄግ የሚባለውን ዳገት ትወጣለች። አናቱ ላይ ኩትበርት ይፈታታል። ከዚያ እስከ ማርዊክ ወደብ አምስት ማይል ቁልቁለት ስለሆነ ፉርጎዎቹ ጎታች አይፈልጉም፤ በራሳቸው ክብደት ይንከባለላሉ። ጁኖም ማንም ሳያዛት በሶምሶማ ወደ ኋላ ትዞርና ከመጨረሻው ፉርጎ ጋር በተቀጠለችው ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ዘላ ጉብ ትላለች። ድርቆሿን እያኘከች፣ ጋማዋን ንፋስ እያበጠረላት፣ እንደ እመቤት ትወርዳለች።

ኩትበርት ፍሬኑን ጨብጦ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ይቆማል። እንዲህ ፊት ለፊት እየተያዩ አሥራ አንድ ዓመት ወረዱ። ይዘፍንላታል፤ እሷም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትሰማዋለች። ሚስቱ ፊቢ «እኔን እንደዚህ ትክ ብሎ ያየኝ በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ሰክሮ ነበር» ትላለች።

ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በዓመቱ፣ በጸደይ፣ የሐዲዱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ፉርጎ የሚጎትት የእንፋሎት ሞተር ገዛ። ሞተሩ ብቻውን አልመጣም። ኤመስ ተሊ የሚባል ጢማም የኒውካስል ነጂ አብሮት መጣ፤ አፉም እንደ ሞተሩ ጭስ ማውጫ አያርፍም ነበር።

«ስማ ሽማግሌ» አለው ኩትበርትን ገና በመጀመሪያው ቀን፤ «የእኔዋ ፈረስ ከሰል ነው የምትበላው። አትታመምም፣ አትተኛም፣ አካፋ ይዞ ከኋላ ከኋላዋ የሚል ሰውም አያስፈልጋትም።»

«ስትጠራትስ ትመጣለች?» አለ ኩትበርት።

ኤመስ ሳቀና የሞተሩን ፉጨት አስጮኸ።

ኩትበርትን ፍሬን ያዥ አድርገው አስቀሩት። ፈረሶቹ ግን የኩባንያው ነበሩና ለጨረታ ወጡ። ጁኖን የሄግ ዳገት ገበሬ ጊልበርት ኦርድ ለእርሻ ገዝቶ ወሰዳት። ኩትበርት ባዶው ጋጣ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ፊቢ ስትመጣበት «የድርቆሽ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ» አላት፤ እሷም አይታ እንዳላየች አለፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጁኖ እንድትመለስለት።

በሳምንቱ ኦርድ በራቸውን ደበደበ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ፈረስ ነው ያሳደግኸው?»

«ምን ሆነች?» ኩትበርት ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ምን ትሆናለች! ሽቅብ ሳርስባት አንበሳ ናት። የማሳው አናት ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ! ዞር ዞር ብላ ጋሪዋን ትፈልጋለች። ‹በእግርሽ ውረጂ እንጂ እናቴ› ስላት ዝም ብላ ታየኛለች። ትናንትማ የገለባ ጋሪዬ ላይ ወጥታ አገኘኋት። ጎረቤቱ ሁሉ ኦርድ ፈረሱን ሽርሽር ወሰዳት እያለ ያላግጥብኛል!»

ፊቢ በሳቅ ፈረሰች። ኩትበርትም ሳቀ፤ በሳቁ መሃል ግን ነገሩ ገባው። ጁኖ እየጠበቀችው ነበር።

የሞተሩ ምረቃ ቀን ደረሰ። ዝናቡ ያካፋል። ሞተሩ በአበባ አጊጧል፤ ከኋላው ስድስት ፉርጎ ሙሉ ሰው አለ፤ በመጨረሻው፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍት ፉርጎ ደግሞ የኩባንያው ሹማምንት ከነሚስቶቻቸው የሥጋ ፓይ ከበው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ሚስተር ሴፕቲመስ ብሮድዉድ መሃል ላይ ናቸው። የዚያን ፉርጎ ፍሬን የያዘው ኩትበርት ነው።

ሄግ ዳገት አጋማሽ ላይ ጉድ ፈላ። የሞተሩ መንኮራኩሮች እርጥቡ ሐዲድ ላይ በቦታቸው ይሽከረከሩ ጀመር። ኤመስ አሸዋ በተነ፣ ተራገመ፣ ሞተሩን በእርግጫ አለው። ተሳፋሪው ወርዶ ቢገፋም ባቡሩ ፍንክች አላለም።

«ፈረስ!» ብለው ጮኹ ሚስተር ብሮድዉድ። «አንድ ሰው ፈረስ ያምጣ!»

ኩትበርት ሁለተኛ አላስጠራም። ወደ ኦርድ ማሳ በረረ። ገና ከአጥሩ ሆኖ ቢጠራት ጁኖ ማረሻውን እየጎተተች መጣች።

«ውሰዳት!» አለ ኦርድ ከኋላዋ እየሮጠ። «ማረሻውን ብቻ መልስልኝ!»

ከሞተሩ ፊት አሰራት። ሞተሩ አቃሰተ፣ ሰው ገፋ፣ ጁኖ አንገቷን ደፍታ ሳበች፤ ባቡሩም ተንቀሳቀሰ። አናቱ ላይ ኩትበርት ፈታት። ሹማምንቱ ከጭቃው ለመሸሽ ተንጋግተው ፉርጓቸው ላይ ሲወጡ የኋላውን በር ሳይዘጉት ቀሩ። ኩትበርት ደህና ሁኚ አላት። ጀርባዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ፍሬኑ ሮጠ።

ባቡሩ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረ። ጁኖም የምታውቀውን አደረገች። በሶምሶማ ወደ ኋላ፣ አንድ ዝላይ፣ ምንጣፉ ላይ ጉብ!

የእመቤቶቹ ጩኸት የሞተሩን ፉጨት ዋጠው። ሚስተር ብሮድዉድ ከነወንበራቸው ጥግ ላይ ተለጠፉ። ጁኖ ድርቆሿን ፈለገች፤ ያገኘችው የሊቀመንበሩን ሚስት የገለባ ባርኔጣ ነበር፤ እሱንም ከነሪባኑ ጀመረችው።

«ይህን አውሬ አውርድልኝ!»

«ወደብ ሳንደርስ አትወርድም ጌታዬ» አለ ኩትበርት። «ለምዶባታል።»

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ እንደ ድሮው። ደስታው አናቱ ላይ ወጣና ሹማምንት ፊት መሆኑን ረስቶ መዝፈን ጀመረ። ጁኖ ጆሮዋን አቆመች።

ማርዊክ ላይ ሺህ ሰውና አንድ ማርሽ ባንድ ይጠብቃል። የእንፋሎትን ዘመን ሊቀበል የወጣው ሕዝብ ያየው ከሹማምንት ጋር ተሳፍራ ባርኔጣ የምታኝክ ባዝራ ነው። ሆታው ቀለጠ፤ ባንደኞቹ በሳቅ ጥሩምባ መንፋት አቃታቸው። ሚስተር ብሮድዉድ መቼም ጭብጨባ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም። ሁሉም ታስቦበት የተደረገ ይመስል ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ኩባንያችን አገልጋዮቹን አይረሳም! ይህች ባዝራ ሄግ ዳገት ላይ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ ቁልቁለቱንም ተሳፍራ ትወርዳለች!»

«ሰምታችኋል አይደል?» ብሎ ጮኸ ኩትበርት ወደ ሕዝቡ።

«ሰምተናል!» አለ ሺህ ሰው። ከዚያ ወዲያ ቃል ማጠፍ የለም።

ኦርድ እየፈነጠዘ አስረከባት። ጋሪዋ በባቡሩ ጭራ ላይ ተቀጠለች፤ ጁኖም ከዳገቱ ሥር እየጠበቀች አምስት ዓመት ባቡር አወጣች።

በስድስተኛው ዓመት ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ሞተር መጣ። በመጀመሪያው ቀን ኤመስ ሲነዳው፣ ከዳገቱ ሥር የቆሙትን ኩትበርትንና ጁኖን በፉጨት አልፏቸው ሽቅብ ሄደ። ኩትበርት ክው አለ። አሁንስ ማን ይፈልጋታል? እሷ ግን ልጓሟን እየሳበች ጋሪዋን ተከትላ መውጣት ጀመረች፤ ልቡ እንደከበደው ተከተላት።

አናቱ ላይ ባቡሩ ቆሟል። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አውጥቷል።

«ምን ተበላሸ?» ይላል አንዱ።

«ምንም» አለ ኤመስ። «የቀረ ተሳፋሪ አለ። ፈጠን በል እንጂ ሽማግሌ! ድርቆሹን ሞልቼ ስጠብቃችሁ!»

ጁኖ በሶምሶማ ወደ ኋላ ዞረች። ዝላዩ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም፤ የፊት እግሮቿ ወጥተው የኋላዎቹ ቀሩ። ያኔ ኤመስ ተሊ ከሞተሩ ወርዶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከኋላዋ ሆኖ ገፋት።